ሊጡን ተዉት እንጂ! የፓንኬክ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ፓንኬክ ጠይቁኝ ስላችሁ እንዲህ ትጎርፋላችሁ ብዬ አላሰብኩም። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ የባለቤታችሁ እናት ስለ ፓንኬካችሁ ያሉትንም ቆርጬ አስቀርቻለሁ፣ እሱን እዚያው ቤታችሁ ጨርሱት።

ፓንኬኬ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል

ጻፊዋ ያልሞከረችው አሠራር የለም። ሊጡን በኤሌክትሪክ መምቻ አንድም የተጓጎለ ዱቄት እስካይቀር ትመታዋለች። ጓደኞቿ ግን በሻይ እያወራረዱ "ይጣፍጣል" ይሏታል። አሁን የተሻለ አሠራር ትፈልጋለች።

አልሰጥሽም። ጥፋቱ የመምቻው ነው። የስንዴ ዱቄት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ውሃ ነክቶት ሲታሽ እርስ በርሱ ይያያዝና የሚለጠጥ መረብ ይሠራል፤ ግሉተን የሚባለው እሱ ነው። ዳቦ ይሄን መረብ ስለሚፈልግ ሊጡን ደህና አድርገን እናሸዋለን። ፓንኬክ ግን አይፈልገውም። ሊጡን በመታሽው ቁጥር መረቡ ይጠነክራል፣ መጥበሻው ላይ ሲደርስም ለስላሳ መሆኑ ይቀርና ማኘክ የሚያደክም ነገር ይሆናል።

ስለዚህ ደረቁን ለብቻ፣ እርጥቡን ለብቻ አዘጋጂ። እርጥቡን ደረቁ ላይ አፍስሺና በተራ ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጥሽ ጥቂት ጊዜ ብቻ አማስዪ። ደረቅ ዱቄት ሳህኑ ጠርዝ ላይ መታየቱን ሲያቆም አንቺም አቁሚ። ሊጡ ሸካራ ይሆናል፣ እዚህም እዚያም ትንንሽ የተጓጎለ ዱቄት ይታያል። እጅሽ ይበላሻል፣ አውቃለሁ። አትንኪው! ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይረፍ። በዚያ ጊዜ ዱቄቱ ወተቱን ይጠጣል፣ የተጓጎለውም አብዛኛው ይርሳል፣ ሊጡ ወፈር ይላል። ካረፈ በኋላ ደግመሽ ብታማስዪው አረፋውን ታወጪበታለሽ፣ ስለዚህ በጭልፋ ከዳር እየቀዳሽ ወደ መጥበሻ።

ልኩን ካልነገርኩሽ እንደማትለቂኝ ስለማውቅ ይኸው፦ 125 ግራም ዱቄት (አንድ ኩባያ ነው)፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቆንጠር ያለ ጨው፣ 1 እንቁላል፣ ሦስት ሩብ ኩባያ ወተት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ። ሊጡ ከጭልፋው ላይ ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። እምቢ ካለ ትንሽ ወተት ጨምሪ።

ቤኪንግ ፓውደር ሲያልቅብኝ በቤኪንግ ሶዳ ተካሁት፣ ሳሙና ሳሙና አለ

ይላል እንጂ! በዚያው ልክ ነው እኮ የጨመርከው። ሶዳ ከቤኪንግ ፓውደር ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይበረታል፣ ለመሥራትም ኮምጣጣ ነገር ይፈልጋል። ቤኪንግ ፓውደር ኮምጣጣውን በደረቅ መልክ ይዞት ነው የሚመጣው። በሶዳ መሥራት ካማረህ ለ125 ግራም ዱቄት ሩብ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ወተቱንም በእርጎ ቀይር፣ ወይ አንድ ኩባያ ወተት ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጨምቀህ 5 ደቂቃ አቆየው። ቁምሳጥን ውስጥ የከረመ ቤኪንግ ፓውደር ካለህም ትንሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጣል አድርገህ እየው። ቶሎ ካልፈላ ጣለው።

የመጀመሪያው ሁልጊዜ ለምን ይበላሻል?

መጥበሻው እኩል ሳይግል ስለምትጀምሩ ነው። ዘይትም ታበዛላችሁ፣ እሱም አንድ ቦታ ይሰበሰብና ፓንኬኩ ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣል። መካከለኛ እሳት ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሙቅ፣ የውሃ ጠብታ ስትጥሉበት እየዘለለ ከጠፋ ደርሷል። መለኪያ ያላችሁ 190 ዲግሪ አካባቢ ጠብቁ። ዘይቱን ቀቡትና የተረፈውን በሶፍት ጥረጉት። ቅቤ ብቻ ከሆነ የምትጠቀሙት ቶሎ ያርራል፣ ዘይት ቀላቅሉበት። ውጭው ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ ሆኖብኛል ያላችሁ ሦስት ሰዎችም መልሳችሁ እዚሁ ነው፣ እሳት ቀንሱ።

መቼ ልገልብጠው?

አረፋ ስታይ አይደለም፣ አረፋው ከፈነዳ በኋላ ነው። መጀመሪያ መሃሉ ላይ ትንንሽ አረፋዎች ብቅ ይላሉ፣ ይፈነዳሉ፣ ቦታቸውንም እርጥብ ሊጥ ፈስሶ ይደፍነዋል። ገና ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ መቅረት ይጀምራል፣ ዳር ዳሩም አብረቅራቂነቱን ያጣል። ያኔ ገልብጥ። አንዴ ብቻ። ከዚያ በኋላ በመገልበጫው ጀርባ ጫን ጫን የምታደርጉት ሰዎች ምን እንደምትፈልጉ አላውቅም፤ ስትለፉ ያስገባችሁትን አየር እኮ ነው የምታስወጡት። ሁለተኛው ጎን ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፣ እንደ መጀመሪያውም አያምርም። የሁሉም ሰው እንደዚያ ነው።

ስኳር በሽታ አለብኝ፣ ፓንኬክ መብላት እችላለሁ?

ሐኪምህን ጠይቅ። እኔ የምለው ሽሮፑን ከጠርሙሱ አታንቆርቁረው ብቻ ነው።

እንግዳ የምትመጣው ልጅ እንቁላል አይስማማትም አሉኝ

ጠያቂያችን እናትየው ታካብዳለች ባይ ናት። አንድ እንቁላል ለስንት ፓንኬክ ተከፋፍሎ፣ ለዚያውም በእሳት በስሎ፣ ምን ሊያደርጋት ነው ትላለች።

ብዙ ሊያደርጋት ይችላል። አታድርጊው። ደህና አድርጎ የበሰለ እንቁላል ያለበትን ምግብ የሚችሉ አለርጂ ያለባቸው ልጆች መኖራቸው እውነት ነው፤ ግን ማን እንደሚችል የሚለየው የአለርጂ ሐኪም ነው፣ እሱም እያየ፣ መድኃኒቱ አጠገቡ ሆኖ። ፓንኬክ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ነው ከመጥበሻ የሚወጣው፤ ኦቨን ውስጥ ብዙ ቆይቶ እንደሚበስል ኬክ አድርገሽ አታስቢው። ለሷ የሚሆነውን ቀድመሽ ሥሪ፣ በታጠበ ሳህን፣ በታጠበ መጥበሻና መገልበጫ። በእንቁላሉ ፋንታ ግማሽ የተፈጨ ሙዝ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ የተልባ ዱቄት በሦስት ማንኪያ ውሃ አርሰሽ መጠቀም ትችያለሽ። ያዘጋጀሽውንም ከነማሸጊያው ለእናትየው አሳዪያት፣ ወተቱንና ዱቄቱን ጭምር፣ ምናልባት ሌላም የማይስማማት ነገር ይኖራል። ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ትውከት ከተደጋገመ ደግሞ ጠብቀን እንይ የሚባል ነገር የለም። የኤፒነፍሪን መርፌ ካላቸው ወዲያው ይሰጣት፣ አምቡላንስ ይጠራ። እናትየው ካካበደችም ታካብድ።

የተከፈተ የፓንኬክ ዱቄት ቁምሳጥን ውስጥ ከርሟል

ሙቀትና እርጥበት ባለበት ተከፍቶ የከረመ ዱቄት ውስጥ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች ይራባሉ። ለነሱ አለርጂ ያለበትን ሰው ክፉኛ ሊጥሉት ይችላሉ፣ መጥበሱም አለርጂ የሚያመጣውን ነገር አያጠፋውም። ሐኪሞች ለዚህ የሰጡት አንዱ ስም ራሱ "የፓንኬክ ሲንድረም" ነው። ከከፈታችሁት በደንብ በሚገጠም ዕቃ አድርጉና ፍሪጅ አስገቡት። የከረመውን ጣሉት።

ልጆቼ ሊጡን ይልሳሉ

ይቅርባቸው። ሰው የሚፈራው እንቁላሉን ብቻ ነው፣ ያልበሰለ ዱቄትም በሽታ ያመጣል።

አሥራ ሁለት ሰው ጠርቼ እኔ ምድጃ ሥር እቀራለሁ

ይቺን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኳት። ሴትዮዋ ትጠብሳለች፣ ሌሎቹ ትኩስ ትኩሱን እየበሉ ይስቃሉ፣ ሳቁ ከሳሎን ይሰማታል፤ ጨርሳ ስትመጣ ሁሉም ጠግቦ ስልኩን ይዟል። "እስኪ አንቺም ብዪ እንጂ" የሚላት አንድ ሰው አለ፣ ሳህኑ ላይ ግን የቀረ የለም።

እህቴ፣ ትኩስ ትኩሱን ማቅረብ አለብኝ የሚለውን ተዪው። ኦቨኑን ከ90 እስከ 100 ዲግሪ አሙቂ፣ የሽቦ ፍርግርግ አስገቢ፣ የደረሰውን እያነሳሽ ሳትደራርቢ ደርድሪ። አትክደኚው፣ እንፋሎቱ ያረጥበዋል። ሁሉም ሲያልቅ አንድ ላይ አውጪና አንድ ላይ ተቀመጡ። ሁለት መጥበሻ ካለሽ ሁለቱንም ጣጂ። ከዚህም የሚቀል አለ፦ ሊጡን በሙሉ ቅቤ በተቀባ ትልቅ የኦቨን ትሪ ላይ አፍስሺና በ220 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያህል ጋግሪው፣ ከዚያ በአራት ማዕዘን ቆራርጪ። ክብ አይደለም ብሎ የሚያኮርፍ እንግዳ ካለ በሚቀጥለው አትጥሪው።

ሊጡን ግን ማታ በጥብጠሽ አታሳድሪው፣ ቤኪንግ ፓውደሩ ጉልበቱን ይጨርሳል። ደረቁን ማታ ቀላቅለሽ አሳድሪ፣ እርጥቡን ጠዋት። ፍራፍሬውን የሚቆርጥ፣ ሻዩን የሚያፈላ ደግሞ ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ አይጠፋም። ማን እንደሆነ እነሱ እስኪያስቡት አትጠብቂ፣ ስም ጠርተሽ እዘዢ።

የተረፈው ፍሪዘር ይገባል?

ይገባል። ቀዝቅዞ፣ መሃል መሃሉ ወረቀት ገብቶ፣ እስከ ሁለት ወር። ስትፈልጉ ቶስተር ውስጥ።

የኔ ክብ አይሆንልኝም

ጭልፋውን ሳታዞር ከአንድ ቦታ ላይ አፍስስ። ምድጃህም ዘምሞ እንዳይሆን እየው። ከዚህ በኋላም ክብ ካልሆነ ብላው።