ገንዘቡ ከጎደለ በኋላ የተሰጠ ወንበር

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቅ ወረዳ ነው። የአካባቢያችን ገበሬዎች ሁለገብ ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ከሆንኩ ዘጠኝ ዓመቴ ሲሆን፣ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አለኝ። ለሥራ አመራር ኮሚቴ ሦስት ጊዜ ተጠቁሜ ሦስቱንም ጊዜ «ልጆች አሉብሽ፣ ስብሰባው ያመሻል» ተብዬ ታልፌአለሁ። ዘንድሮ የማዳበሪያ ገንዘብ ጎድሎ ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ወረዱ፤ የቢራ ገብስ ያስረከቡ አባላትም ክፍያቸውን አላገኙም። በዚህ ሰዓት ጠቅላላ ጉባኤው በአንድ ድምፅ እኔን ሊቀመንበር አድርጎ መረጠኝ። ሽማግሌዎቹ «የሴት ልጅ እጇ ንጹሕ ነው፤ እናት ነሽ፣ አስታርቂን» አሉኝ። ባለቤቴ ግን «በደኅናው ቀን የነፈጉሽን ዛሬ የሰጡሽ ዕዳውን እንድትሸከሚላቸው ነው» ይላል። እኛ ሴቶች የምንጠራው ነገር ሲበላሽ የሆነው ለምንድን ነው? ርክክቡን ልፈርም ወይስ ልተወው?
እኅታችሁ፣ ከሰሜን ሸዋ

መልስ፦ የተከበሩ እኅታችን፣ የባለቤትዎ ሥጋት መሠረት የሌለው አይደለም፤ የሥራ አመራርን የሚያጠኑ ምሁራን ከሃያ ዓመት በላይ የተነጋገሩበት ጉዳይ ነው። ነገሩ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የለንደን ጋዜጣ፣ በቦርዳቸው ብዙ ሴቶች ያሏቸው ታላላቅ የብሪታንያ ኩባንያዎች ከሌሎቹ ያነሰ ውጤት አስመዝግበዋል ብሎ ጽፎ፣ ጥፋቱን ወደ ሴቶቹ ባስጠጋ ጊዜ ነበር። በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሚሼል ራያንና አሌክሳንደር ሃስላም ግን የትኛው ከየትኛው እንደቀደመ መረመሩ። በ2005 ያወጡት ጥናት እንዳሳየው፣ የአክሲዮን ገበያው በወረደበት ወቅት ሴት የሾሙት ኩባንያዎች ከሹመቱ በፊት በነበሩት አምስት ወራት ያለማቋረጥ ደካማ ውጤት ላይ የቆዩ ነበሩ። ሕመሙ ቀድሞ ነበር፤ ሐኪሟ የተጠራችው በኋላ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ሁኔታ «የመስታወት ገደል» አሉት። በጣርማ በር መንገድ የተጓዘ ሰው ስያሜውን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጉም ሲወርድ ገደሉ ከመንገዱ ዳር ሳይነቃነቅ ከዓይን ይሰወራል።

ለምን እንዲህ ይሆናል ለሚለው ጥያቄዎ አንዱ መልስ ሽማግሌዎቹ በነገሩዎ ቃል ውስጥ አለ። ሰው በደኅናው ጊዜ መሪ ሲያስብ ወንድ ይታየዋል፤ ነገር ሲታወክ ደግሞ የሚያረጋጋ፣ የሚያግባባ፣ ቁጣን ተቀብሎ የሚያበርድ ሰው ይሻል፤ ይህንንም ጠባይ ከሴት ጋር አያይዞ ለምዶታል። ሱዛነ ብሩክሙለርና ናይላ ብራንስኮም በ2010 ያወጡት ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረ፦ በችግር ላይ ላለ ድርጅት ሴት የመምረጥ ዝንባሌ የታየው ድርጅቱን ቀድሞ ወንዶች ሲመሩት ከነበረ ነው፤ ቀዳሚዎቹ መሪዎች ሴቶች ሲሆኑ ግን ዝንባሌው ጠፋ። ይህም ሴቷ የምትፈለገው በችሎታዋ ብቻ ሳይሆን ለአባላትም ሆነ ለውጭ ተመልካች «ይኸው ተለውጠናል» ለማለት ጭምር መሆኑን ያመለክታል። በዚያ ላይ ሌላ በር የሚከፈትለት ሰው አስቸጋሪውን ወንበር ማለፍ ሲችል፣ ሦስት ጊዜ የታለፈች ሴት ግን «ይህ ካመለጠኝ ሌላ አይመጣም» ብላ ትቀበላለች። ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው ባሰብኩ ነበር።

ነገሩ በየትም ቦታ የማይቀር ሕግ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በአሜሪካ ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች ላይ በ2009 የወጣ አንድ ጥናት ይህን ዝንባሌ አላገኘም። በመንግሥታት ታሪክ ውስጥ ግን ምሳሌው ብዙ ነው፦ ዮሃና ሲጉርዳርዶቲር የአይስላንድ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የአገሪቱ ሦስት ታላላቅ ባንኮች እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ከወደቁ ከወራት በኋላ፣ በየካቲት 2009 ነበር። ቴሬዛ ሜይም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ በሰጠች ማግስት፣ በሐምሌ 2016 ሥልጣን ይዘው በ2019 በዚያው ጉዳይ ወረዱ።

ለእርስዎ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከራሳችን ምድር ነው። ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ወርደው ንግሥት ዘውዲቱ የተሰየሙት መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነበር። ወር ሳይሞላ የልጅ ኢያሱ አባት የንጉሥ ሚካኤል ጦር ወደ ሸዋ ዘልቆ፣ በአንኮበር አቅራቢያ በቶራ መስክ ለአዲሱ መንግሥት የተሰለፈውን የራስ ልዑልሰገድን ሠራዊት ደመሰሰ፤ ራስ ልዑልሰገድም እዚያው ወደቁ። የነገሩ መቋጫ ንጉሥ ሚካኤል የተሸነፉበት፣ ጥቅምት 17 ቀን የተደረገው የሰገሌ ጦርነት ሆነ። ዘውዱ በዚያ ሁከት መካከል ለሴት ሲሰጥ ሥልጣኑ ግን ተከፈለ፤ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ተብለው ከጎን ተቀመጡ፣ የጦሩም ጉዳይ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ እጅ ነበር። ይህን ያነሣሁት ስምና ሥልጣን ተለያይተው ሊሰጡ እንደሚችሉ ለማሳየት ነው፤ ለእርስዎ ከሁሉ በፊት መጣራት ያለበትም ይኸው ነው።

ወንበሩን ቢቀበሉ እደግፋለሁ። ሒሳብ ያውቃሉ፣ ማኅበሩም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሆኖም ርክክቡ ላይ የሚፈርሙት መጋዘኑ ተቆጥሮ፣ የባንክ ሒሳቡ ተመሳክሮ፣ ተሰብሳቢና ተከፋይ ዕዳው በስም ዝርዝር ተጽፎ ካለቀ በኋላ ብቻ ይሁን። ስንት ኩንታል ማዳበሪያ በእጅ እንዳለ፣ ለስንት ገበሬ የገብስ ክፍያ እንዳልተከፈለ፣ የትኞቹ የደረሰኝ ጥራዞች እንደጠፉ በቀን ተመዝግቦ የቁጥጥር ኮሚቴው ይፈርምበት፤ አንዱ ቅጂም በእርስዎ እጅ ይቅር። ያለዚህ ሰነድ ዛሬ የጎደለው ገንዘብ ከሁለት ዓመት በኋላ በእርስዎ ዘመን እንደጎደለ ይወራል። በባንክ የሚፈርሙት እነማን እንደሚሆኑ፣ የቀድሞዎቹ ፊርማ መሰረዙንም በጽሑፍ ያረጋግጡ። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ስለሆነ፣ እነዚህ ነገሮች በጉባኤው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍሩ ይጠይቁ፤ ኦዲቱንም የወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት እንዲያካሂድ ደብዳቤ ይጻፍ።

«አስታርቂን» ያሉዎትን ቃል በጥንቃቄ እንዲመረምሩት እለምንዎታለሁ። በጎረቤታሞች መካከል የገባን ቂም ማብረድ መልካም ሥራ ነው፤ የጎደለን የገበሬ ገንዘብ በእናትነት ስም መሸፈን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱም በአንድ ቃል ሊጠየቁ ይችላሉ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን አክብረው፣ ዕርቁ የኦዲቱ ውጤት ለጉባኤው ከተነበበ በኋላ የሚታይ መሆኑን አስቀድመው ይንገሯቸው። ቆጠራውን እምቢ ካሉ ወይም «ቀስ ብሎ ይደረሳል» ካሉ አይፈርሙ፤ ያልፈረሙበትንም ምክንያት ለጉባኤው በጽሑፍ ያስገቡ። ከተስማሙ ደግሞ የቆጠራው ቀን ለአባላት በግልጽ ይነገር፤ ባለቤትዎም ከሌሎቹ ገበሬዎች ጋር መጋዘኑ በር ላይ ተገኝተው ኩንታሉ ሲቆጠር በዓይናቸው ይዩ።