ሁሉም እንደ እኔ ያስባሉ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ናቸው። ሕመማቸው ስለሚመሳሰል አንድ ላይ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የምጽፈው በሦስተኛ መደብ ነው። ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የፒያሳ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሴት ልጃቸውና አበዳሪያቸው አሉ። ምልልሱ ላይ ይለያያሉ፤ ትረካው ላይ ግን ሁሉም እንደ እኔ ያስባሉ። ምን ላድርግ? (ተማሪ፣ ከሆጤ)

መልስ፦ ተራኪሽ ከሁሉም በላይ ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። አውርጂውና አንዱ ሰው አጠገብ አስቀምጪው። ከልጅቱ ጎን ሲሆን፦ «አባቷ ገቡ። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል፤ ዛሬም ለባጃጅ የሚሆን አልነበራቸውም ማለት ነው።» ከአበዳሪው ጎን ሲሆን ደግሞ፦ «ሰይድ ገባ። በዚያ ጭቃ ጫማ፣ ምንጣፉ ላይ! ገና ሳይቀመጥ ስለ ዝናቡ ጀመረ። ዕዳ ያለበት ሰው መቼም የዝናብ ወሬ ይወዳል።»

ሁለቱም ሦስተኛ መደብ ናቸው። «ብላ አሰበች» ወይም «ሲል በልቡ ተናገረ» አላስፈለገም። ግማሹን ሥራ የሠራው ግሱ ነው፤ አንዱ ጋ «ገቡ»፣ ሌላው ጋ «ገባ»። አማርኛ አክብሮትን ግሱ ላይ ስለሚያስር፣ ተራኪው ማንን አንቱ እንደሚል ካየን በማን ዓይን እያየን እንደሆነ እናውቃለን። እንግሊዝኛ የሌለው ጸጋ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ ግን የሰዋስው ግዴታ ብቻ አድርጎ ያልፈዋል። ያለ ምክንያት ግን አታቀያይሪው፤ አንባቢ የአራሚ ስሕተት ይመስለዋል። በመጨረሻው ምዕራፍ ተራኪው ከአበዳሪው ጎን እንዳለ «ጋሽ ሰይድ ገቡ» ቢል፣ አበዳሪው መለወጡን በሌላ አንቀጽ ማስረዳት አያስፈልግሽም።

ጥያቄ፦ ሦስት ተሳፋሪዎች በአንድ ሚኒባስ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ይወጣሉ። ትረካው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ለውጡ አይታወቅም። (የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሦስቱም አንድ ነገር ስለሚያዩ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ደሴ 600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል መሐል ያለው ሐረጎ ተራራ ላይ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በክረምት ጉሙም አለ። ሹፌሩን አራተኛ ሰው አድርገህ ጨምረው። እሱ ጉም መኖሩን የሚያውቀው ከፊቱ ያለው የጭነት መኪና የኋላ መብራት ሲጠፋበት ነው። ከቆላ የመጣችው ሙሽራ ነጠላዋን ትሰበስባለች። ሽማግሌው ጉሙን ጨርሶ አያዩትም፤ እጃቸው ብርዱ የቀሰቀሰው ጉልበታቸው ላይ ነው። የዐረፍተ ነገሩም ልክ ይለያይ። ማርሽ የሚቀይር ሰው ረጅም አያስብም፤ የሽማግሌው ሐሳብ ግን አንዱ ሌላውን እየጎተተ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ባለው አይጠየፍ አዳራሽ ውስጥ ግብር ሲያበሉ ከአያታቸው እስከሰሙት ድረስ ይሂድ። በየሦስት መስመሩ ግን ሰው አትቀያይር። አንዱን ቢያንስ እስከ መናኸሪያው አድርሰው።

ጥያቄ፦ የወሎን አነጋገር እንደሚነገረው ልጻፈው ወይስ ላስተካክለው? (መምህር፣ ከሸዋ በር)

መልስ፦ ፊደሉን አያጣምሙት። የእርስዎ ሰው በሌላ አገር አንባቢ ፊት መሳቂያ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ለእኔ ከሥነ ጽሑፍ ስሕተትም ይብሳል። አንድ «አብሽር»፣ አንድ «ወላሂ» በቦታው ይበቃል። (ወላሂ ያለ ሁሉ ሙስሊም ነው ብለው እንዳይነሡ፤ ወሎ ውስጥ ነን።) ማን በምን እንደሚምል፣ ማን ሳይመርቅ ከቤት እንደማይወጣ፣ ማን ጥያቄን በጥያቄ እንደሚመልስ ከፊደሉ ይልቅ ሰውየውን ያሳያል።

ጥያቄ፦ «አለ፣ አለች» በዛብኝ። በምን ልተካው? (ከቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ በምንም። «አለ» ዓይን አይወጋም፤ የሚወጋው «በማለት በአጽንዖት አስገነዘበ» ነው። ይልቅ የማያስፈልገውን ሰርዢ። እናት «ብላ እንጂ» ስትል ለወንድ ልጇ እንደሆነ ግሱ ተናግሯል፤ እሱም «በቃኝ፣ እርስዎ ይብሉ» ካለ ማን ለማን እንደመለሰ ግልጽ ነው። ሁለት ወንድ እኩዮች ሲያወሩ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ እዚያ ጋ «አለ»ን ሳትሰስቺ ተጠቀሚበት።