የዳሊን ሰዓቶች ለሳሎንሽ ከማሳተምሽ በፊት

እህቴ፣ «የዳሊን የቀለጡ ሰዓቶች ወይም የማግሪትን ሥዕል ኮፒ ለሳሎኔ መሃል ከተማ የት ላሠራ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱም ሰርሪያሊስቶች፣ ማለትም እንደ ሕልም ያለ ነገር የሚሥሉ ሠዓሊዎች ነበሩ። የት ከማለትሽ በፊት ግን ሥዕሉ ስንት በስንት እንደሆነ እወቂ። እኔ ይህን ባለማጣራቴ 9,000 ብር በልቶኛል።

1ኛ. የዋናውን ሥዕል መጠን እወቂ። የቀለጡት ሰዓቶች ያሉበት የዳሊ «የትዝታ ጽናት» እ.ኤ.አ. በ1931 የተሣለ ነው፤ ያለው ኒውዮርክ፣ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነው። ቁመቱ 24፣ ወርዱ 33 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከኤፎር ወረቀት ትንሽ ቢበልጥ ነው። እኔ የታየኝ ግን ከሶፋው በላይ ያለው ባዶ ግድግዳ ነበር። ለካሁና 150 በ100 ብዬ ፒያሳ አካባቢ የነበረ ማተሚያ ቤት አዘዝኩ። ከፌስቡክ ያወረድኩትን ፎቶ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። «ይሄ ለዚህ መጠን አይሆንም» ያለኝ ሰው የለም።

2ኛ. ካንቫስ (የሥዕል ሸራ) ነው ሲሉሽ በእጅሽ ዳስሺው። የእኔ ተጠቅልሎ ነው የተሰጠኝ፣ ቤት ገብቼ ስፈታው የማስታወቂያ ባነር ሆኖ አገኘሁት። የቀለሙ ሽታ ሳምንት ሙሉ ከሳሎን አልወጣም። ሰዓቶቹ ወደ ጎን ተለጥጠዋል። ብርቱካናማው ሰዓት ላይ የሚርመሰመሱት ጉንዳኖች አንድ ላይ ተደፍጥጠው ጭቃ መስለዋል። እኔ ሥዕሉን የወደድኩት በእነዚያ ጉንዳኖች ነበር።

በማግስቱ ይዤው ተመለስኩ። ልጅቷ ከስልኳ ቀና እንኳን ሳትል «ፋይሉን ያመጣኸው አንተ ነህ» አለችኝ። ኃላፊው ደግሞ «ሲሰቀል ከሩቅ አይታወቅም» አለ። ይሄ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቤቴ ውስጥ የምሰቅለውን ሥዕል ቀርቤ ላላየው ነው? ገንዘቤንም አልመለሱም። ያ ሰፈር ኋላ ፈረሰ፣ የት እንደገቡ አላውቅም።

ስሌቱን በኋላ ራሴ ተማርኩት። ለጥሩ ኅትመት በየሴንቲ ሜትሩ 60 ያህል ፒክስል (ፎቶው የተሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) ያስፈልጋል። የእኔ ፎቶ ወርዱ 900 ፒክስል ነበር። ለ150 ሴንቲ ስታካፍይው 6 ነው የሚደርሰው። መጠኑንም ስታሳድጊ ቁመቱንም ወርዱንም በእኩል አባዢ። 24 በ33ን በሦስት ብታበዢ 72 በ99 ይሆናል። እኔ ሁለተኛ ያሳተምኩት በዚህ ነው። ወደ 6,000 ፒክስል የሚጠጋ ፋይል እስካገኝ ሦስት ሳምንት ፈለግሁ። አራት ኪሎ ያገኘሁት አታሚ ደግሞ ሳልጠይቀው ጉንዳኖቹ ያሉበትን ቦታ ብቻ በቁራጭ ካንቫስ አትሞ አሳየኝ። አንድ በአንድ ይቆጠራሉ! እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እነሱን ነው። አንቺም ሙሉውን ከመክፈልሽ በፊት እንዲህ ያለ ናሙና አስወጪ።

ግድግዳሽ ሰፊ ከሆነ ከዳሊ ይልቅ የማግሪት «ጎልኮንዳ» ይሻልሻል። ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች እንደ ዝናብ አየር ላይ የተበተኑበት ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1953 ሥራ። ዋናው ራሱ 80 በ100 ገደማ ስለሆነ በልኩ ታሳትሚዋለሽ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ግን ጀርባው ወደ ውጭ የሆነ ግድግዳ ላይ አትስቀዪው፣ በክረምት እርጥበት ያስገባል።

ሌላው፣ ሰርሪያሊዝም ስንል ሁላችንም ወደ ውጭ ነው የምንሮጠው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን እኮ እዚሁ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1937 የተወለደ ነው። ፓሪስ ኖሮ ከሰርሪያሊስቶቹ ብዙ ወስዷል፣ ተመልሶም ከ1966 እስከ 1969 እዚሁ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። በ1964 የሣለው «የጁጁ ሠርግ» የዳሊ ሰዓቶች ባሉበት በዚያው ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። ይህን ሳውቅ በጣም ነው የኮራሁት። አሁን የሱን ጥሩ ፋይል እየፈለግሁ ነው። ከሰዓቶቹ በስተግራ ባዶውን የተውኩት ለእሱ ነው።