ጠበቃ ከመያዝሽ በፊት ማስታወቂያው የደረሰሽን ቀን ቁጠሪ

እህቴ፣ ፒያሳ ላይ የሀገር ልብስ ሱቅ እንዳለሽ፣ በግምት የተወሰነብሽ ግብር ከአቅምሽ በላይ እንደሆነና ጎንደር ላይ ጥሩ የግብር ጠበቃ እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። ስም ከማፈላለግሽ በፊት የግብር ውሳኔ ማስታወቂያው የደረሰሽን ቀን እዚያው ወረቀት ላይ ጻፊ። ሠራተኛሽ ፈርማ ተቀብላው ወይም በር ላይ ተለጥፎ ቢሆንም ቀኑ ይቆጠርብሻል።

1ኛ፦ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሁሉ ጠበቃ አይደለም። የታደሰ የጥብቅና ፈቃዱን ያሳይሽ፤ የክልል ይሁን የፌዴራል እዪ። «ቢሮው ውስጥ ሰው አለኝ» የሚልሽን ግን በዚያው ተሰናበቺው።

2ኛ፦ መጀመሪያ የሚጠይቅሽን አዳምጪ። በግል ስምሽ የምትነግጂ ከሆነ የክልሉ ግብር ከፋይ ነሽ፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ግብሩ የፌዴራልና የክልል የጋራ ነው። ይህን ሳይጠይቅ «እናስቀንሰዋለን» ካለሽ ፋይልሽን አትስጪው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ናቸው፤ አንቺን የሚገዛውን የክልሉን አንቀጽ ገልጦ ያሳይሽ።

3ኛ፦ ቅሬታ። ብዙ ነጋዴ የሚከስረው እዚህ ነው። ያለው ጊዜ 21 ቀን ነው፤ ያ ሁሉ ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ማክሰኞ ተመለሽ» በሚል መስኮት ላይ ያልቃል። ሰውን እንዲህ ማመላለስ ያሳዝናል፤ ግን «እናየዋለን» የሚል የቃል ተስፋ ቀኑን አያቆመውም። ቅሬታሽን የግብር ቢሮው መዝገብ ቤት አስገቢና በእጅሽ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳታስደርጊ አትውጪ።

ሌላው፣ 400,000 ብር ተወስኖብሽ 120,000ውን ካመንሽበት፣ እሱን ከፍለሽ ደረሰኙን ከቅሬታው ጋር አያይዢ። ያመንሽበትን ሳትከፍዪ ያስገባሽው ቅሬታ እንደ ቅሬታ አይቆጠርም። ክርክሩ በ280,000ው ላይ ይቀራል። ቅሬታው ውድቅ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ትያለሽ፤ የሚያከራክረውን ግማሽ፣ 140,000 ብር፣ ታስይዣለሽ። ፍርድ ቤት ከደረሰ 75 በመቶ፣ ማለትም 210,000 ብር ነው። ስለዚህ ከጠበቃው ጋር ዋጋ ስትነጋገሪ የመያዣውን ገንዘብ አስቀድመሽ አስቢ። ክፍያውን በየደረጃው ተዋዋዪ፤ ለቅሬታ ይህን ያህል፣ ለይግባኝ ይህን ያህል፣ በጽሑፍና በደረሰኝ። በመቶኛ ከተስማማችሁም ከሚቀነሰው ገንዘብ ላይ ይሁን እንጂ ከተወሰነብሽ ጠቅላላ ላይ አይሁን።

ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም ያንቺ ስለሆነ፣ ከጠበቃው ጎን ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ያስፈልግሻል። ስሌቱን በጽሑፍ ጠይቂ፦ የቀን ሽያጭ ስንት ተባለ፣ በስንት ቀን ተባዛ፣ የትርፍ ህዳጉ ስንት በመቶ ተያዘ? እሑድና በዓል ዘግተሽ እያለ በ365 ተባዝቶብሽ ሊሆን ይችላል። ግምቱ በጥምቀት ሰሞን ተወስዶ ከሆነ ደግሞ የዚያ ሳምንት የቀሚስና የነጠላ ገበያ የሰኔና የሐምሌን አይወክልም፤ የግዢ ደረሰኞችሽን በየወሩ ደርድረሽ ይህንኑ አሳዪ።

ቅጣቱን ለብቻው ያዪው። ዘግይቶ ለተከፈለ ግብር በመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ ይጨመራል፤ ይህ በመመሪያ ሊነሳ ስለሚችል የቅጣት ይነሳልኝ ጥያቄውን ጠበቃሽ ከቅሬታው ለይቶ ይጻፈው።

ውክልና ስትሰጪውም ለዚህ ጉዳይ ብቻ ብለሽ ገድቢው፤ ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን አይኑርበት።