ድራይ ኒድሊንግ ልትማሩ ለምትመዘገቡ ልጆች

ሰሞኑን "ጋሼ የትኛውን ኮርስ ልውሰድ" የሚለኝ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት በዝቷል፣ እኔ ደሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ጣትህ እንዴት ነው ብዬ ነው፣ ይስቃሉ። ድራይ ኒድሊንግ ማለት የተወጠረ ጡንቻን በባዶ መርፌ ወግቶ ማላላት ነው፣ መርፌውን ማስገባት እኮ በሁለት ቀን ይለመዳል፣ 0.30 ሚሊሜትር የምትሆን ቀጭን ነገር ናት መድኃኒትም የላት፣ ዓመታት የሚፈጀው በተወጠረው ጡንቻ ውስጥ ያለችውን ቋጠሮ ዳብሶ ማግኘቱ ነው። ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ወጌሻ ቅቤ ቀብተው አይናቸውን ጨፍነው ሲዳብሱ አይ ነበር፣ ቋጠሮዋ ትሪገር ፖይንት እንደምትባል አያውቁም እንጂ ጣታቸው ያውቃት ነበር።

ነገሩ የመጣው ከሐኪሞች ነው፣ የፕሬዝዳንት ኬኔዲ ሐኪም የነበሩት ጃኔት ትራቬል ቋጠሮው ላይ ማደንዘዣ ይወጉ ነበር፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 የቼኩ ሐኪም ካሬል ሌዊት ማደንዘዣ ባይኖርም መርፌው ብቻውን ህመም እንደሚያስታግስ ጻፈ።

እዚህ ሜሪላንድ አንድ የኛ ሰው፣ ታክሲ ሹፌር፣ "ዲስክ ነው" ብሎ እግሩን እየጎተተ መጣ፣ ዳሌው ጎን ያለችውን ትንሿን ጡንቻ፣ ግሉቲየስ ሚኒመስን፣ ስጫናት ህመሙ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወረደበትና "እሷው ናት!" ብሎ ጮኸ። መርፌው ሲነካት ጡንቻው ዝልል አለ፣ ለሁለት ቀን ያምሃል አልኩት፣ አመመውም። ግን ተአምር አታድርጉት፣ እፎይታው ብዙ ጊዜ አጭር ነው፣ እንቅስቃሴ ካላሰራችሁት ተመልሶ ይመጣል።

አሁን የኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ኮርስ በጨረስኩ በወሩ አንዲት ቀጭን ሴትዮ ትከሻ ላይ ጡንቻውን በጣቶቼ ቆንጥጬ ሳላነሳ ቀጥ አድርጌ ወደታች ወጋሁ፣ ከስር ሳንባ እንዳለ አጥቼው አይደለም፣ ቸኩዬ ነው። ማታ ላይ "ትንፋሽ አጠረኝ" ብላ ደወለች፣ ኢመርጀንሲ ሄዳ ኒሞቶራክስ ተባለ፣ ማለትም አየር ከሳንባዋ ወጥቶ ደረቷ ውስጥ ገብቷል፣ ትንሽ ስለነበር እግዜር ይመስገን በራሱ ዳነ እኔ ግን ሳምንት አልተኛሁም። ከዛ ወዲህ ደረት አካባቢ የወጋሁትን ሁሉ፣ ሰዓታት ቆይቶም ቢሆን ደረትህ ላይ ውጋት ከተሰማህ ወይ ትንፋሽ ካጠረህ እንዳትተኛበት ብዬ ነው የምሸኘው።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት ደሞ የስቴታችሁን ሕግ እዩ፣ ካሊፎርኒያ ለፊዚዮቴራፒስት አይፈቀድም።

ሴትዮዋ አሁንም ትመጣለች፣ መርፌ ግን አታስነካም፣ በእጄ ነው የምሰራላት።