የቤት ፖከር ቺፕ፦ በትእዛዝ የሚሠራ ወይስ የካዚኖ አምሳያ? (ጥያቄና መልስ)

መላሽ፦ ለቤት ጨዋታ የፖከር ቺፕ ለመግዛት የሚያስቡ አባላት ተመሳሳይ ጥያቄ ደጋግመው ስለሚያቀርቡልኝ ሁሉንም በአንድነት እዚሁ ለመመለስ ወስኛለሁ። ምርጫው በአብዛኛው በሁለት ዓይነት ስብስቦች መካከል ነው፤ አንደኛው ንድፉን፣ ቀለሙንና በቺፑ ላይ የሚታተመውን ዋጋ ራስዎ መርጠው በትእዛዝ የሚያሠሩት ሲሆን፣ ሁለተኛው የአንድን ካዚኖ ቺፕ መልክ ይዞ፣ ተዘጋጅቶና ተቆጥሮ የሚሸጠው አምሳያ ነው። ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ላሳስብ። ስንት ሰው በምን ያህል ብላይንድ (ካርድ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች በግዴታ የሚያስይዙት ውርርድ) እንደሚጫወት ሳትገልጹ አትጠይቁኝ። ናሙና በእጃችሁ ሳትይዙም ሙሉ ስብስብ አትዘዙ።

ሰባተኛው ወንበር፦ ዘጠኝ ሆነን በ1 እና በ2 ብላይንድ እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በ200 ይገባል። ያየሁት አምሳያ 500 ቺፕ አለው፤ ባለ 1፣ ባለ 5፣ ባለ 25፣ ባለ 100 እና ባለ 500 እያንዳንዳቸው መቶ መቶ ናቸው። ይበቃናል?

መላሽ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። በድምሩ ይበቃችኋል፤ በክፍፍሉ ግን አይበቃችሁም። በ200 ለሚገባ ሰው የምመክረው አሥር ባለ 1፣ አሥራ ስምንት ባለ 5 እና አራት ባለ 25 ነው፤ ይህም 10፣ 90 እና 100 ተደምሮ 200 ይሆናል። ለዘጠኝ ሰው ሲባዛ 90 ባለ 1፣ 162 ባለ 5 እና 36 ባለ 25 ያስፈልጋል ማለት ነው። እርስዎ ያዩት ስብስብ ውስጥ ያለው ባለ 5 ግን መቶ ብቻ ስለሆነ ጨዋታው ገና ሳይጀመር 62 ይጎድላችኋል፤ በዚህ ብላይንድ ደግሞ አብዛኛው ውርርድ የሚካሄደው በባለ 5 ነው። በአንጻሩ መቶዎቹ ባለ 500 ቺፖች 50,000 የሚያህል ዋጋ ይዘው ዓመቱን ሙሉ ከሣጥን ሳይወጡ ይከርማሉ። የአምሳያ ስብስብ ትልቁ ድክመት መልኩ ሳይሆን ይህ እኩል ክፍፍል ነው፤ ሻጩ ሣጥኑን የሚሞላው ለማሸግ እንዲመቸው እንጂ የእናንተን ገበታ አስቦ አይደለም።

በትእዛዝ የምታሠሩ ቢሆን፣ ለ600 ቺፕ 120 ባለ 1፣ 300 ባለ 5፣ 120 ባለ 25 እና 60 ባለ 100 እንድታዝዙ እመክር ነበር። ድምሩ 10,620 ስለሚሆን ከሃምሳ በላይ መግቢያዎችን ይሸፍናል፤ የተሸነፈ ሰው ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ቢገባም ቺፕ አያጥርም። ሻጩ በነጠላ ወይም በሃያ በሃያ የሚሸጥ ከሆነ ግን አምሳያውንም በዚሁ ክፍፍል መግዛት ይቻላል፤ ያን ጊዜ በአምሳያው ላይ ያለኝ ቅሬታ በግማሽ ይቀንሳል።

አዲሷ፦ ለቤት ጨዋታ የትኛው ስብስብ ጥሩ ነው?

መላሽ፦ ከላይ የሰጠሁትን መልስ ያንብቡ፤ ከዚያም የተጫዋቹን ቁጥርና ብላይንዱን ይዘው ይመለሱ።

ከባድ እጅ፦ እኔ በበኩሌ ስለ ክብደት መጠየቅ እፈልጋለሁ። 14 ግራም የሚመዝነው ቺፕ የካዚኖ ደረጃ እንደሆነ በብዙ ማስታወቂያ ላይ አንብቤአለሁ፤ በእጅ ሲይዙትም የክብር ስሜት አለው። በትእዛዝ የሚሠሩት ብዙዎቹ ከዚህ የቀለሉ ናቸው። ታዲያ ለቀላል ነገር ተጨማሪ ገንዘብ የምከፍለው ለምንድን ነው?

ጠርዝ ቆጣሪ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማስታወቂያው አሳስቶዎታል። በካዚኖ ገበታ ላይ የሚገኘው የክሌይ («ሸክላ» የሚባለው) ቺፕ ከ8 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው። ባለ 14 ግራሙ ክብደቱን ያገኘው በፕላስቲኩ ሆድ ውስጥ ከተቀበረው ብረት ነው።

ከባድ እጅ፦ ብረት ቢሆንስ ምን ችግር አለው? ቀላል ቺፕ መጫወቻ ይመስላል። የእኔ ተጫዋቾች ሁሉ ከባዱን ይመርጣሉ።

ጠርዝ ቆጣሪ፦ ተጫዋቾችዎ ሌላውን ይዘው አያውቁ ይሆናል። ሃያ ቺፕ ደርበው በአንድ እጅ ሁለት ክምር ለመቀላቀል ይሞክሩ፤ ብረት ያለበት ልሙጥ ስለሆነ ይንሸራተታል፣ ክሌዩ ግን ይያያዛል።

መላሽ፦ ሁለታችሁም ይብቃችሁ። የሚወዱትን ክብደት መምረጥ የባለቤቱ መብት ነው፤ «ከባድ ማለት የካዚኖ ማለት ነው» የሚለው ግን ሐሰት ነው፣ ጠርዝ ቆጣሪም ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ባለ 10 ግራም ሺህ ቺፕ 10 ኪሎ ሲሆን ባለ 14 ግራም ሺህ ቺፕ 14 ኪሎ ነው፤ ሣጥኑን ከቤት ወደ ቤት የሚሸከመው ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

የማክሰኞ ገበታ፦ «ክሌይ ኮምፖዚት» የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን አምሳያዎችና ሴራሚክ የሚባሉትን መለየት አቃተኝ። ከምን እንደሚሠሩ ቢያብራሩልኝ ምርጫዬ ይቀላል ብዬ አምናለሁ።

መላሽ፦ ይህን በዝርዝር መመለስ ይገባኛል፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። ለቤት ጨዋታ የሚቀርቡት ቺፖች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በሙቀትና በከፍተኛ ግፊት የሚታተመው የክሌይ ቺፕ ነው፤ የሸክላ ስም ይያዝ እንጂ እንደ ማሰሮ የተተኮሰ አይደለም፣ ማዕድንና ማያያዣ ተደባልቀው የሚታመቁበት ውህድ ነው። በጠርዙ ላይ የሚታዩት ባለ ሌላ ቀለም ምልክቶች በቀለም የተቀቡ ሳይሆኑ ራሳቸውን የቻሉ ቁርጥራጮች ናቸው፤ መሐሉ ላይ ያለው ሥዕልም ከቺፑ ጋር አብሮ ስለሚታተም በጥፍር አይነሣም። ካዚኖዎች የሚጠቀሙበት ፖልሰን የተባለው ቺፕ ከዚህ ወገን ነው። ፖልሰንን የሚሠራው ኩባንያ ጌሚንግ ፓርትነርስ ኢንተርናሽናል፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካው ኩባንያ ፖል-ሰን ከፈረንሳዩ ቡርጎኝ ኤ ግራሴ ጋር ተዋሕዶ የተመሠረተ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2019 በጃፓኑ ኩባንያ ኤንጀል ተገዝቷል። ደንበኞቹ ካዚኖዎች ስለሆኑ ለቤት ጨዋታ አዲስ ፖልሰን በትእዛዝ አሠራለሁ ብላችሁ አትድከሙ፤ በክሌይ ለግለሰብ የሚሠሩ ሌሎች አምራቾች አሉ፣ ዋጋቸው ግን ከሁሉም ይበልጣል፣ መጠበቅንም ይጠይቃል።

ሁለተኛው ሴራሚክ የሚባለው ነው፤ እሱም በእውነቱ ጠንካራ የፕላስቲክ ውህድ ሲሆን ሥዕሉ በሙቀት ወደ ውስጡ ስለሚሰርግ አይላጥም። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የፈለጉትን ማተም ስለሚቻልበት አብዛኛው የትእዛዝ ሥራ የሚሠራው በዚህ ነው፤ ብዙ አምሳያዎችም እንዲሁ። ለአምሳያነት ሲውል ግን ጉድለቱ ይታያል፤ በእውነተኛው ቺፕ ላይ ጎርበጥ ብሎ የሚዳሰሰው የዙሪያ ቅርጽ እዚህ በቀለም የተሣለ ብቻ ስለሆነ፣ ጥፍር ሲያስኬዱበት ልሙጥ ነው። ፎቶግራፍ ይህን አያሳይም፤ ናሙና ያዙ የምለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ብረት በሆዱ ያለው ፕላስቲክ ነው። «ክሌይ ኮምፖዚት» ተብሎ የሚሸጠው በብዛት ይኸው ነው። መሐሉ ላይ ያለው ተለጣፊ ወረቀት ስለሆነ ከጊዜ ብዛት ጠርዙ ይነሣል። ይህ ጉድለት ግን አንድ መልካም በር ይከፍታል፤ ተለጣፊ የሌለበትን ባዶ ቺፕ በፈለጉት ክፍፍል ገዝቶ የራስን ተለጣፊ ማሳተም በትእዛዝና በአምሳያ መካከል ያለ ርካሽ መንገድ ነው።

ናሙናው ሲደርሳችሁ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ። ሁለት ቺፕ ፊት ለፊት አጋጥማችሁ ወደ ብርሃን ያዙ፤ በመሐላቸው ብርሃን ካለፈ አንደኛው ጎብጧል። ቀጥሎም በጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ዳሩን በጣት ገፋ አድርጉት፤ ደኅናው ወዲያው ይቆማል፣ ሆዱ የወጣው ግን ይሽከረከራል። እንዲህ ያሉ ቺፖች በክምር ውስጥ ሲደረቡ ክምሩ ይወዛወዛል።

ባለ ጥንድ፦ የታዋቂ ካዚኖ ቺፕ በትእዛዝ ማስቀዳት ይቻላል? አሁን በሥራ ላይ ያለ ካዚኖ ነው።

መላሽ፦ አታድርጉት። የንግድ ምልክቱ የሌላ ሰው ንብረት ከመሆኑም በላይ፣ በገንዘብ ሊመነዘር የሚችል ነገር ቅጂ በእጃችሁ ይዛችሁ መገኘት ራሱ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 በአሜሪካ በአትላንቲክ ሲቲ ከተማ በቦርጋታ ካዚኖ በተካሄደ ውድድር አንድ ተጫዋች 160 ሐሰተኛ ባለ 5,000 ቺፖችን ወደ ጨዋታው አስገብቶ፣ 27 ተጫዋቾች ሲቀሩ ውድድሩ ተቋርጧል። ሰውየው የቀሩትን ቺፖች በሌላ ሆቴል ሽንት ቤት ውስጥ ሲጥል ቧንቧው ስለተደፈነ ተይዞ በመጨረሻ ታስሯል። እናንተ ለማጭበርበር እንዳላሰባችሁ አውቃለሁ፤ ቺፑ ግን የባለቤቱን ሐሳብ አይናገርም። የድሮ መንፈስ የምትፈልጉ ከሆነ የተዘጉትን ተመልከቱ፤ የላስ ቬጋሱ ዱንስ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ሳንድስ ደግሞ በ1996 ፈርሰዋል። እዚያም ቢሆን ስሙ ባለቤት ሊኖረው ስለሚችል፣ አቀማመጡንና ቀለሙን ወስዳችሁ ስሙን የራሳችሁ ብታደርጉት ይሻላል።

ትዕግሥተኛው፦ በትእዛዝ ለማሠራት ወስኛለሁ፤ ንድፉን እንዴት ላዘጋጅ? የቤተሰባችንን ምልክት በሁሉም ላይ ማስቀመጥ አስቤአለሁ።

መላሽ፦ ምልክቱን ያስቀምጡ፤ ከሁሉ አስቀድመው ግን ቺፑን ከጎን ያስቡት። ተጫዋች የባላጋራውን ክምር የሚያነበው ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ስለሆነ የሚታየው የቺፑ ፊት ሳይሆን ጠርዙ ነው። አንድ ቺፕ ውፍረቱ 3.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህች ስስ መስመር ላይ ነው ባለ 5 ከባለ 25 የሚለየው። ስለዚህ የመሠረት ቀለሞቹ እጅግ የተራራቁ ይሁኑ፤ የጠርዝ ምልክቶቹም በቁጥርና በስፋት ይለያዩ፤ ለምሳሌ ባለ 1 ምልክት የሌለው፣ ባለ 5 ሦስት ሰፋፊ፣ ባለ 25 ስድስት ጠባብ ምልክቶች ያሉት ቢሆን፣ በባለ 5 ክምር ውስጥ የተሸጎጠ አንድ ባለ 25 ወዲያው ይጋለጣል።

የቀለም ነገር ከተነሣ፣ በሞቃት ቢጫ አምፖል ሥር ነጭና ቢጫ ይመሳሰላሉ፤ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊም እንዲሁ። አውሮፓዊ ዝርያ ካላቸው ወንዶች 8 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ቀይንና አረንጓዴን የመለየት ችግር ስላለባቸው፣ በአሜሪካ ካዚኖዎች የተለመደው ቀይ ባለ 5 እና አረንጓዴ ባለ 25 ለሁሉም ገበታ አይስማማም። አምሳያ የሚገዛ ሰው ይህን ሊለውጥ አይችልም፤ እርስዎ ግን ይችላሉ። ቀለሙን በስክሪን ላይ አይተው አይፍቀዱ፤ የታተመ ናሙና ያስመጡ።

ቁጥሩ ትልቅና ግልጽ ይሁን። የገንዘብ ምልክት እንዳያስገቡ እመክራለሁ፤ ያለ ምልክት የታተመ 25 ዛሬ ለገንዘብ ጨዋታ፣ ነገ ለውድድር ያገለግላል፣ ብላይንዱ ቢለወጥም አያረጅም። አምራቹ ከማተሙ በፊት የሚልክልዎትን የማረጋገጫ ምስል ንድፉን ካላዘጋጀው ሌላ ሰው ጋር ሆነው ያንብቡት፤ 100 እና 1000 ተቀያይረው የታተሙ እንደሆነ፣ ጥፋቱ የፈቀደው ሰው ነው፣ መመለሻም የለውም።

ከባድ እጅ፦ ቺፕ ውስጥ የሚቀበር የሬዲዮ መለያስ ለቤት ጨዋታ ያስፈልጋል?

መላሽ፦ አያስፈልግም።

አዲሷ፦ ይቅርታ፣ አሁንም አልገባኝም። በአጭሩ አምሳያ ይሻላል ወይስ የትእዛዝ?

መላሽ፦ በአጭሩ የሚመለስ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ስንት ሆናችሁ ነው የምትጫወቱት? ብላይንዱ ስንት ነው?

አዲሷ፦ ስድስት ነን። በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ብቻ፣ ለመዝናናት ያህል፣ እንደ ውድድር አድርገን እንጫወታለን።

መላሽ፦ ይህን በመጀመሪያ ቢነግሩኝ ኖሮ ያኔውኑ እመልስልዎት ነበር። አምሳያ ይግዙ። እያንዳንዱ ሰው በ10,000 ቢጀምር ስምንት ባለ 25፣ ስምንት ባለ 100፣ አራት ባለ 500 እና ሰባት ባለ 1,000 ይበቃዋል፤ ለስድስት ሰው 162 ቺፕ ነው። በውድድር ውስጥ ብላይንዱ ሲያድግ ትንንሾቹ ተሰብስበው በትልልቅ ስለሚተኩ፣ እኩል ክፍፍል እንደ ገንዘብ ጨዋታው አይጎዳችሁም። ከመግዛትዎ በፊት ግን እነዚህ አራት ዋጋዎች በስብስቡ ውስጥ መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ 1 እና 5 ያለበት የገንዘብ ጨዋታ ስብስብ አይጠቅምዎትም። ናሙናም ይጠይቁ።

ባለ ጥንድ፦ በቤት ውስጥ በገንዘብ መጫወት በሕግ ይፈቀዳል?

መላሽ፦ እንደየሀገሩ ይለያያል፤ የሀገርዎን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይጠይቁ። እኔ ስለ ቺፕ ነው የምመልሰው።

ጠርዝ ቆጣሪ፦ ያገለገለ የክሌይ ቺፕ ገዝቼ እጅግ ቆሽሾ ደረሰኝ። በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ባጥበው ይጎዳል?

መላሽ፦ ይጎዳል፤ ሙቀቱ ያጎብጠዋል፣ አንዳንዱም ቀለሙን ይለቃል። በለብታ ውኃ፣ በትንሽ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ አንድ በአንድ አጥበው ወዲያው ያድርቁ። ከደረቀ በኋላ አመዳም ከሆነ፣ የማዕድን ዘይት በጨርቅ ነካ አድርገው ይቀቡትና ትርፉን ይጥረጉ።

የማክሰኞ ገበታ፦ ትእዛዜን ለመላክ ተዘጋጅቻለሁ፤ ናሙናም አይቻለሁ። ትርፍ ስንት ልጨምር?

መላሽ፦ ከእያንዳንዱ ዋጋ ቢያንስ አሥር፣ ብዙ ከሚሠራበት ደግሞ ሃያ ይጨምሩ። በኋላ ለብቻው የሚታዘዝ ትንሽ መጠን አምራቹ ላይቀበለው ይችላል፤ ቢቀበለውም በሌላ ጊዜ የታተመ ቺፕ ቀለሙ ከመጀመሪያው ትንሽ ይለያልና በክምር ውስጥ ይታወቃል። ሃያ ዋጋ ያልታተመባቸው ቺፖችም ያክሉበት፤ ነገ ብላይንዱን ከፍ ብታደርጉ ባለ 500 ሆነው ያገለግላሉ። የንድፉን የመጨረሻ ፋይልም ከአምራቹ ተቀብለው ያስቀምጡ።