የአባቴ ጠመንጃ ላይ መነጽር ላስገጥም?

ጥያቄ፦ ከአፈሙዙ የሚጎርስ የአባቴ ጠመንጃ አለኝ፤ ፈቃድም አለው። የኋላው ማነጣጠሪያ አሁን አሁን ይደበዝዝብኛል። 50 ሜትር ላይ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። አንድ ብየዳ ቤት «በርሜሉን በስቼ መነጽር ልግጠምልዎ» አለኝ። ምን ይሻለኛል? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ ይቅርብዎ። መነጽር የሚገጠመው ወደ በርሜሉ ኋላ ነው፤ ባሩዱ የሚነድደውም እዚያው ነው። አሮጌ ብረት እዚያ ቦታ ላይ መብሳት ከራስ ጋር መጣላት ነው። ደግሞስ ቅርስ አይደል? በ1860 ዓ.ም. እንግሊዝ መቅደላ ላይ ከኋላው የሚጎርስ ስናይደር ይዞ ሲመጣ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ወታደር የያዘው እንደ እርስዎ ከአፈሙዙ የሚጎርሰውን ነበር።

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ይዩ። መጎስጎሻውን ዘንግ እስከ ታች ይክተቱና አፈሙዙ ጋ ምልክት ያድርጉበት። አውጥተው ከበርሜሉ ጎን በውጭ በኩል ያስተኙት። ጫፉ እሳት መግቢያው ቀዳዳ አጠገብ ካልደረሰ ውስጡ የቀረ ነገር አለ፤ የሚያውቅ ሰው ያውጣልዎ።

ወደ ዓይንዎ እንምጣ። ዓይን የኋላውን ማነጣጠሪያ፣ አፈሙዙ ጋ ያለችውን የፊቷን ማነጣጠሪያ ጉጥና ኢላማውን በአንዴ አጥርቶ አያይም። ዕድሜ ሲገፋ ቀድሞ የሚደበዝዘው ቅርቡ ነው። መፍትሔው 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያላት ትንሽ ክብ ላሜራ ናት። በርሜሉን ከእንጨቱ ጋር የያዘችው የኋላ ብሎን ላይ ትታሰራለች፤ አዲስ ቀዳዳ የለም። በጠባቡ ቀዳዳ ሲያዩ የፊቷ ጉጥም ኢላማውም ይጠሩልዎታል። የድሮውን የኋላ ማነጣጠሪያ በናስ በትር ቀስ አድርገው ከቦዩ በጎን ያውጡት፤ እንዳይጥሉት ብቻ።

ዝቅ ማለቱም በዚችው ላሜራ ይስተካከላል። የኋላው ከፍ ሲል እርሳሱም ከፍ ይላል። ከላሜራዋ እስከ ፊቷ ጉጥ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቀዳዳዋ ከአሁኑ የማነጣጠሪያ መስመር 3.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ትበል። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የፊቷን ጉጥ ይሞርዳል። በሞረድ የሄደ ብረት አይመለስም፣ እርስዎ አይንኳት።

ጉጧ ናስ ከሆነች ግን በኩራዝ ጥላሸት ያጥቁሯት። ፀሐይ ከቀኝ ሲመታት ቀኝ ጎኗ ብቻ ያበራል፣ ዓይን ያበራውን ይከተላል፣ እርሳሱ ወደ ግራ ይሄዳል። የጣና ነጸብራቅ ለለመደ ባሕር ዳሬ ይህን ማስረዳት አያሻም። ሲተኩሱ የዓይን መከላከያ ያድርጉ፤ የባሩዱ ብልጭታ ፊት አጠገብ ነው።

ብየዳ ቤቱን አያስቀይሙት። ላሜራዋን እሱው ይቁረጥልዎ፤ ጠመንጃውን ግን ቤት ትተውት ይሂዱ።